ቀዩ ድንጋይና ሠሪው፦ የሔማታይት ባሕርይ፣ አፈጣጠርና ታሪካዊ አገልግሎት

መግቢያ

በመሬት ቅርፊት ውስጥ ከሚገኙት ብረት አዘል ማዕድናት መካከል፣ በስርጭቱ ስፋትም ሆነ ለሰው ልጅ በሰጠው አገልግሎት፣ ሔማታይት የሚባለው ማዕድን ከፊተኛዎቹ ተራ ይመደባል። የብዙ አገሮችን አፈር የሚያቀላው፣ ለዓለም የብረት ፋብሪካዎች ዋናውን ጥሬ ዕቃ የሚያቀርበው፣ የሰው ልጅም ገና ብረትን ሳያውቅ በፊት እየፈጨ በቀለምነት ሲገለገልበት የኖረው ይኸው ማዕድን ነው።

ስለ ማዕድናት የሚዘጋጁ የትምህርት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የማዕድኑን ኬሚካላዊ ቀመር፣ የሚገኝበትን ስፍራና የሚሰጠውን ጥቅም ዘርዝረው ያበቃሉ። እንዲህ ያለው አቀራረብ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም። ምክንያቱም አንድ ድንጋይ ሀብት የሚሆነው በመሬት ውስጥ ስለተገኘ ብቻ አይደለም፤ ባሕርዩን የሚያውቅ ሰው ሲኖር፣ የዚያም ሰው ዕውቀት ለተከታዩ ትውልድ ሲተላለፍና በኅብረተሰቡ ዘንድ ሲከበር ነው። የሔማታይት ታሪክ ለዚህ አባባል ጥሩ ማስረጃ ይሰጣል። በተለይም በአገራችን ታሪክ፣ ቀይ ድንጋይን አቅልጦ ብረት የማውጣት ጥበብ ለብዙ መቶ ዓመታት ከኖረ በኋላ እንዴት እየደከመ እንደሄደ ስንመለከት፣ ምክንያቱ የማዕድን እጥረት ብቻ አለመሆኑን እንገነዘባለን።

ስለሆነም ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የማዕድኑን ባሕርይና አፈጣጠር በአጭሩ ካብራራ በኋላ፣ ከቀለምነት እስከ ብረትነት ያደረገውን ጉዞ ይከታተላል፤ በመጨረሻም መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ከዚህ ታሪክ ሊቀስሙት የሚገባውን ትምህርት ለማመልከት ይሞክራል።

፩. የማዕድኑ ባሕርይ

ሔማታይት የብረትና የኦክሲጅን ውሁድ ነው። በቀመሩ ውስጥ ሁለት የብረት አቶሞች ከሦስት የኦክሲጅን አቶሞች ጋር ተዋሕደው ይገኛሉ። በክብደት ሲሰላም ንጹሕ ሔማታይት ከመቶው 70 ያህል እጅ ብረት ነው። ስሙ የተገኘው ደም የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ሲሆን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ግሪካዊ ፈላስፋ ቴዎፍራስጦስ ስለ ድንጋዮች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ይህን ድንጋይ በዚሁ ስም ጠቅሶታል።

ስሙ ከደም ጋር ቢያያዝም፣ ሔማታይት ሁልጊዜ ቀይ መልክ አለው ማለት አይደለም። አንዳንዱ እንደ ተወለወለ ብረት የሚያብለጨልጭ ግራጫ፣ አንዳንዱ ጥቁር፣ አንዳንዱ ደግሞ በጣት ሲነካ የሚያቀላ ለስላሳ አፈር ነው። ይሁን እንጂ መልኩ የቱንም ያህል ቢለያይ፣ ባልተወለወለ የሸክላ ስባሪ ላይ ሲጫር የሚተወው መስመር ዘወትር ቀይ ወይም ቀይ ቡናማ ነው። የማዕድን ተመራማሪዎች ይህን የጭረት ቀለም ብለው ይጠሩታል። ማዕድኑን ከዘመዶቹ ለይቶ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ቀላል ዘዴ የለም። ማግኔታይት የሚባለው ሌላው የብረት ኦክሳይድ ጥቁር የጭረት ቀለም ያለው ሲሆን፣ በማግኔትም በኃይል ይሳባል። በውስጡ ውኃ የተዋሐደው ጌታይት ደግሞ ሲጫር ቢጫ ወይም ቢጫ ቡናማ መስመር ይተዋል። ሔማታይት ራሱ በተራ ማግኔት እምብዛም አይሳብም።

የማዕድኑ እፍግታ ከውኃ 5.3 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የተራ ድንጋይ እፍግታ ከውኃ ከ3 እጥፍ እንደማያልፍ ሲታሰብ፣ አንድን የሔማታይት ጓል በእጁ ያነሣ ሰው ከመጠኑ በላይ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። ጥንካሬው ጠጣር በሆነው ዓይነት በሞስ ሚዛን ከ5 እስከ 6.5 ይደርሳል፤ አፈር መሰሉ ዓይነት ግን በጥፍር ሊፋቅ ይችላል። ቀለሙ በፀሐይ አይደበዝዝም፤ በውኃም አይሟሟም። የጥንት ሰዎች የቀቧቸው ሥዕሎች ከሺህ ዓመታት በኋላ ሳይጠፉ ሊቆዩ የቻሉት በዚህ የማይናወጥ ባሕርዩ ነው።

፪. አፈጣጠሩ

ሔማታይት በተለያዩ መንገዶች ይፈጠራል። ከእነዚህም ሁለቱ ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይበልጥ ያገለግላሉ።

የመጀመሪያው በጥንታዊ ባሕሮች ውስጥ የተፈጸመው ነው። ከ2.5 ቢሊዮን ዓመታት በፊትና በዚያው ዘመን አካባቢ በምድር አየር ውስጥ ኦክሲጅን አልነበረም ለማለት ይቻላል። በዚህም ምክንያት ከእሳተ ገሞራና ከአለት የወጣው ብረት ሳይዝግ በባሕር ውኃ ውስጥ ሟምቶ ይኖር ነበር። ሳይኖባክቴሪያ የሚባሉት ጥቃቅን ነፍሳት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን እየሠሩ ኦክሲጅንን ማውጣት በጀመሩ ጊዜ ግን፣ በውኃው ውስጥ የሟሟው ብረት ከኦክሲጅን ጋር እየተዋሐደ ወደ ባሕሩ ወለል ዘቀጠ። በዚህ ሁኔታ አንዱ ድርብ ብረት፣ ሌላው ድርብ ሲሊካ እየሆነ የተነባበረው አለት ዛሬ በምዕራብ አውስትራሊያ በሐመርስሊ፣ በብራዚል በሚናስ ዠራይስ፣ በደቡብ አፍሪካ በሳይሸንና በሰሜን አሜሪካ በሱፒሪየር ሐይቅ ዙሪያ ይገኛል። የዛሬው ዓለም የሚገለገልበት ብረት አብዛኛው የተገኘው ከእነዚህ ጥንታዊ አለቶች ነው። በሌላ አነጋገር፣ ዛሬ የምንተነፍሰውን አየር ያስገኘው ሂደትና የማረሻችንን ብረት ያከማቸው ሂደት አንድ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ዛሬም በዓይናችን ፊት የሚፈጸም ነው። ሙቀትና ዝናብ በሚበዛበት አገር አለት በረጅም ዘመን ውስጥ ይፈራርሳል። ዝናቡ በቀላሉ የሚሟሙትን ንጥረ ነገሮች አጥቦ ሲወስድ፣ ብረትና አሉሚኒየም ግን በስፍራቸው ይቀራሉ። የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቀይ አፈር የተገኘው በዚህ ዓይነት ነው። የአፈሩ ቀይነት ከሔማታይት፣ ቢጫነቱ ደግሞ ከጌታይት ይመነጫል። ብረቱ እየተጠራቀመ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር ላተራይት የሚባለው ቀይ አለት ይሆናል። በየአገሩ የነበሩ ቀደምት ብረት አቅላጮች ከጥልቅ ጉድጓድ ሳይሆን ከመሬት ገጽ ላይ የሚለቅሙት እንዲህ ያለው ድንጋይ ለሥራቸው ምቹ ሆኖላቸው ነበር።

ከእነዚህ በተጨማሪ ከምድር ውስጥ የሚወጣ ሙቅ ውኃ በአለት ስንጥቅ ውስጥ ሔማታይትን ያስቀምጣል። ማዕድኑ በመሬት ብቻ የተወሰነ አለመሆኑም ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2004 በማርስ ላይ ያረፈችው ኦፖርቹኒቲ የተባለች መንኮራኩር ሔማታይት ያለባቸውን ጥቃቅን ክብ ጠጠሮች በዚያች ፕላኔት ገጽ ላይ አግኝታለች።

፫. ከብረት በፊት፦ የቀለም ዘመን

ብዙ ሰው ሔማታይትን ከብረት ጋር ብቻ አያይዞ ይመለከተዋል። ይሁን እንጂ የሰው ልጅ ከዚህ ማዕድን ጋር ያደረገው ትውውቅ ከብረት ሥራ በአሥር ሺህዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ይቀድማል። በደቡብ አፍሪካ በብሎምቦስ ዋሻ ከ100,000 ዓመታት በፊት ገደማ ሰዎች ቀይ የቀለም አፈር ፈጭተው በባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ ያዘጋጁ እንደነበር ተደርሶበታል። በኤስዋቲኒ፣ በእንግዌንያ ተራራ ላይ ደግሞ ከ40,000 ዓመታት በፊት ሔማታይት ከአለት እየተፈለፈለ ይወጣ ነበር።

ከእኛ አገር የተገኘው ማስረጃ ከእነዚህ የሚያንስ አይደለም። ከድሬዳዋ ከተማ አጠገብ በገደል ላይ የሚገኝ፣ በፈረንሳይኛ የጃርት ስም የተሰጠው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ። ዋሻው እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ በተመራማሪዎች ዘንድ ሲታወቅ፣ በ1970ዎቹ ሰፊ ቁፋሮ ተካሂዶበታል። ከቁፋሮው የተገኘው ቀይ የቀለም አፈር በኋላ ዘመን በዝርዝር ተጠንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የጥናት ውጤት መሠረት 4,213 ቁራጮች፣ በክብደት 40 ኪሎ ግራም ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ዕድሜውም ወደ 40,000 ዓመታት ይጠጋል። ከቀለሙ ጋር የመፍጫ ድንጋዮችና ግማሽ ገጹ በቀለም የተነከረ ክብ ጠጠር ተገኝተዋል። ጠጠሩ ቀለሙን በአንድ ነገር ላይ ለማተም ወይም ለመቀባት ያገለግል እንደነበር አጥኚዎቹ ይገምታሉ።

ለመምህራን ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ግን የቀለሙ ብዛት ሳይሆን የሥራው ዕድሜ ነው። በዋሻው ውስጥ ቀለም የማዘጋጀቱ ሥራ ቢያንስ ለ4,500 ዓመታት ያለማቋረጥ ተካሂዷል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የድንጋዩ አመራረጥና የአፈጫጨቱ ዘዴ ጥቂት በጥቂት ከመለወጡ በስተቀር በመሠረቱ አንድ ሆኖ ቆይቷል። ይህ ሊሆን የሚችለው አዋቂው ለልጁ፣ ልጁም ለልጅ ልጁ የትኛው ድንጋይ መልካም ቀለም እንደሚሰጥ፣ እንዴት ተይዞ በምን ላይ እንደሚፈጭ በተከታታይ ሲያስተምር ብቻ ነው። ፊደል ሳይኖር፣ የትምህርት ቤት ሕንፃ ሳይቆም፣ በዚያ ዋሻ ውስጥ 4,500 ዓመት የዘለቀ ትምህርት ይሰጥ ነበር ማለት ነው።

በቀይ አፈር የመገልገሉ ልማድ ከዚያ በኋላም አልተቋረጠም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በለጋ ኦዳና በሌሎችም የዋሻ ጥላዎች ውስጥ የከብቶችና የሰዎች ምስል በቀይ ቀለም ተሥሎ ይታያል። በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች ዛሬም ቀይ አፈርን ከቅቤ ጋር ለውሰው ጠጉራቸውን ያስጌጡበታል።

፬. ከቀለም ወደ ብረት

በሔማታይት ውስጥ ያለው ብረት ከኦክሲጅን ጋር በጽኑ የተሳሰረ ነው። ብረቱን ለማግኘት ይህን ማሰሪያ መፍታት ያስፈልጋል። ፈቺው ደግሞ ከሰል ነው። ከሰል አየር እያነሰው ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ በጋለው ማዕድን መካከል ሲያልፍ ኦክሲጅኑን ነጥቆ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ብረቱም ብቻውን ይቀራል።

ነገሩ በወረቀት ላይ ቀላል ይምሰል እንጂ በተግባር ከፍ ያለ ጥበብ የሚጠይቅ ነው። ብረት ራሱ የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የጥንት ምድጃዎች ይህን ያህል ሙቀት አያገኙም ነበር። ስለዚህ አቅላጩ ብረቱን እስኪፈስ ድረስ አያቀልጠውም፤ ሙቀቱን ወደ 1,200 ዲግሪ አድርሶ ከማዕድኑ ጋር የነበረውን አሸዋና ሸክላ አቅልጦ በማስወገድ፣ ብረቱን እንደ ሰፍነግ የተቦረቦረ ጓል አድርጎ ያስቀረዋል። ይህ ጓል ገና በእሳት እየጋለ፣ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ፣ በውስጡ የቀረው ዝቃጭ ሲወጣለት ነው ማረሻና ማጭድ ለመሆን የሚበቃው።

በዚህ ሥራ ውስጥ አቅላጩ ቴርሞሜትር የለውም፤ የእሳቱን መጠን የሚያውቀው በነበልባሉ ቀለም ነው። ሚዛን የለውም፤ የድንጋዩን ጥራት የሚለየው በክብደቱና በጭረቱ ነው። ወናፉ ቢፈጥን ወይም ቢዘገይ፣ ከሰሉ ቢበዛ ወይም ቢያንስ፣ የብዙ ቀን ድካም ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ የብረት አቅላጭነት ሙያ ዛሬ ማዕድን ጥናት፣ ኬሚስትሪና ምሕንድስና ብለን የምንከፋፍላቸውን ዕውቀቶች በአንድ ሰው እጅና ዓይን ውስጥ ያጣመረ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

፭. ብረት በኢትዮጵያ ታሪክ

በአገራችን የብረት መሣሪያ አገልግሎት ላይ የዋለበት ዘመን ከአክሱም መንግሥት ይቀድማል። በይሓ ከተቆፈሩት ጥንታዊ መቃብሮች ከነሐስ ዕቃዎች ጋር የብረት መሣሪያዎችም ተገኝተዋል። በአክሱም ዘመን ብረት ከጦርነትና ከንግድ ጋር የተያያዘ ክቡር ዕቃ ነበር። በ1ኛው ምዕተ ዓመት የተጻፈው የቀይ ባሕር የጉዞ መምሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ዝሆንና ሌላ አውሬ ለማደኛ፣ ለጦርነትም የሚሆን ጦር የሚሠራበትን ብረት፣ እንዲሁም ከሕንድ የሚመጣ ብረትና ዓረብ ብረት ይጠቅሳል። በ6ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው ነጋዴና ጸሐፊ ኮስማስ ደግሞ የአክሱም ንጉሥ ነጋዴዎች ወርቅ ወደሚገኝበት ወደ ሳሱ አገር ሲወርዱ በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው እየሄዱ በወርቅ ይለውጡ እንደነበር መዝግቧል።

ከእነዚህ ማስረጃዎች የምንረዳው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ብረት በዚያ ዘመን ወርቅ የሚያስገኝ ሸቀጥ ነበር። ሁለተኛ፣ የውጭ ብረት በጥንቱም ጊዜ ይገባ ስለነበር፣ የአገር ውስጡ ሥራና የውጭው አቅርቦት ጎን ለጎን የኖሩ ናቸው።

በኋለኞቹ ምዕተ ዓመታት የገበሬው ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳርና ዶማ፣ የወታደሩም ጦርና ጎራዴ የሚሠራው በየአካባቢው በነበሩ ቀጥቃጮች እጅ ነው። በኦሮሞ ኅብረተሰብ ውስጥ ቱምቱ የሚባሉት፣ በጎንደርና በአካባቢው ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል የሆኑት፣ በደቡብም በየብሔረሰቡ በየራሳቸው ስም የሚታወቁት ባለሙያዎች ይህን ሥራ ተሸክመው ኖረዋል። በደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የዲሜ ሕዝብ ከድንጋይ ብረት በማውጣት ጥበቡ የታወቀ ሲሆን፣ ብረቱም ከአካባቢው አልፎ ወደ ጎረቤት ሕዝቦች በንግድ ይዳረስ ነበር። እርሻ በበሬና በማረሻ የሚካሄድበት አገር ያለ ቀጥቃጩ አንድ ክረምት እንኳ ሊያልፍ እንደማይችል ግልጽ ነው።

፮. የተናቀው ባለሙያ

ይህን ያህል አስፈላጊ የነበረው ሰው ግን በኅብረተሰቡ ዘንድ የነበረው ስፍራ ከጥቅሙ ጋር የተገናኘ አልነበረም። ጠይብ የሚለው ቃል የሙያ ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆነ። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ተባለ። ከእሱ ጋር መጋባት፣ በአንድ ማዕድ መቅረብ በብዙ ስፍራ ነውር ሆኖ ኖረ። ብዙዎቹ ባለሙያዎች ርስት ስላልነበራቸው በሌላ ሰው መሬት ላይ ጥገኛ ሆነው ይኖሩ ነበር። ማረሻውን ለማሠራት ወደ ቀጥቃጩ ደጅ የሚመጣው ገበሬ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ያንኑ ሰው በመንገድ ሲያገኘው ፊቱን ያዞርበት ነበር።

የዚህን ልማድ ጉዳት ቀድመው ከተገነዘቡት መካከል ዐፄ ምኒልክ ይጠቀሳሉ። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማ ሠሪውን ሸማኔ፣ ጸሐፊውን ጠንቋይ እያሉ በሙያቸው መስደብን ከልክለው፣ ተሳዳቢው እንደሚቀጣ አስታውቀዋል። ንጉሠ ነገሥቱ እንዲህ ያለ አዋጅ ማውጣታቸው ራሱ፣ ንቀቱ የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያስረዳል። ሆኖም ልማድ በአዋጅ ብቻ በአንድ ቀን አይሻርም።

ንቀቱ በዕውቀት ላይ ያደረሰው ጉዳት በሦስት መልክ ይታያል። በመጀመሪያ፣ ሙያው በጥቂት ቤተሰቦች ውስጥ ታጥሮ ቀረ። ከሌላው ኅብረተሰብ የወጣ ብልህ ልጅ ቀጥቃጭ ልሁን ቢል ወላጆቹ አይፈቅዱለትም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ቀለም የተማረውና ብራና የሚጽፈው ሰው ከእሳቱ አጠገብ ስላልቀረበ፣ የአቅላጩ ዕውቀት ወደ ጽሑፍ ሳይገባ ቀረ። ብዙ ሺህ የብራና መጻሕፍት ባሉበት አገር፣ ድንጋይ እንዴት ብረት እንደሚሆን በዝርዝር የሚያስረዳ የአገር ሰው መጽሐፍ በትምህርት ቤቶቻችን አልተወረሰም። በሦስተኛ ደረጃ፣ የባለሙያው ልጅ ራሱ ሌላ የኑሮ በር ሲከፈትለት የአባቱን ሙያ ትቶ መሄዱ የሚጠበቅ ሆነ።

የ20ኛው ምዕተ ዓመት ለውጥ በዚህ ደካማ መሠረት ላይ የመጣ ነው። የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ የውጭ ብረት በብዛትና በርካሽ ይገባ ጀመር። ከዚያም መኪና በተበራከተ ጊዜ አሮጌ ባሌስትራ ለማረሻና ለቢላዋ ምቹ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በኋላ ደን ቆርጦ ከሰል የሚያከስል፣ ድንጋይ ለቅሞ ቀን ከሌሊት ወናፍ የሚነፋ ሰው ምክንያት አልነበረውም። ቀጥቃጩ መቀጥቀጡን ቢቀጥልም፣ አቅላጭነቱ በአብዛኛው አገር በዚሁ ምዕተ ዓመት ውስጥ ቆመ። በጎንደር አካባቢ የነበሩት ቤተ እስራኤልም በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ የአያቶቻቸው የእጅ ሙያ ለዘመናት ሲያገለግለው ከኖረው ገበሬ ተለየ።

እዚህ ላይ ርካሽ ብረት መግባቱ በራሱ ጥፋት ነው ማለት አይደለም። የገበሬው ዕቃ በቀለለ ዋጋ መገኘቱ ጥቅም ነው፤ ከሰል ለማክሰል የሚጠፋው ደንም ቀላል አልነበረም። በሌሎች አገሮችም የቀድሞው ምድጃ ለአዲሱ ቦታውን ለቋል። ልዩነቱ በሌሎቹ ዘንድ የአሮጌው ምድጃ ባለሙያ ለአዲሱ ምድጃ መሥራች ሆኖ መገኘቱ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ግን አሮጌው ሙያ ለአዲሱ ድልድይ ሳይሆን ብቻውን ጠፋ። የብረት ምሕንድስናን ለመማር ወደ ውጭ የሄደው ወጣት፣ በራሱ አገር ሰዎች ዘንድ ይኸው ዕውቀት በጅምሩ እንደነበረ ሳይነገረው ሄደ።

፯. የዛሬው አገልግሎት

በአሁኑ ጊዜ ዓለም በያመቱ ከ1.8 ቢሊዮን ቶን በላይ ዓረብ ብረት ያመርታል። ከማዕድን ለሚመረተው ብረት ዋናው ምንጭ ሔማታይት ሲሆን፣ ማግኔታይት ይከተለዋል። ከዚህ ሌላ የሔማታይት ዱቄት ለቀለም ፋብሪካዎች፣ ብረትን ከዝገት ለሚከላከል የመጀመሪያ ቅብ፣ መስተዋትና ጌጣጌጥ ለማወልወል፣ ለከንፈር ቀለምና ለመዋቢያዎችም ያገለግላል። የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ሰዎች ይፈጩት የነበረው ቀለም ዛሬም በፋብሪካ መፈጨቱን አላቆመም።

በአገራችን የብረት ማዕድን ምልክቶች በተለያዩ ስፍራዎች ይታወቃሉ። ከእነዚህ አንዱ በምዕራብ ወለጋ ከጊምቢ አጠገብ የሚገኘው የቢቅላል ክምችት ነው። ይሁን እንጂ የቢቅላል ማዕድን ከቲታኒየም ጋር የተቀላቀለ ማግኔታይት በመሆኑ፣ እንደ ንጹሕ ሔማታይት በተለመደው ዘዴ በቀላሉ አይቀልጥም። የብረት ፋብሪካዎቻችንም በአብዛኛው የሚሠሩት ከውጭ በሚመጣ ጥሬ ብረትና በቁርጥራጭ ብረት ነው። ዕቅድ አውጪዎች ከዚህ የሚገነዘቡት፣ ብረት አለን ማለትና ብረት እናወጣለን ማለት የተለያዩ መሆናቸውን ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚሞላው የተማረ የሰው ኃይል ነው።

ማዕድኑ ለግብርናም ጉዳይ ነው። በምዕራቡ ቀይ አፈር ውስጥ ያለው የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ፎስፎረስን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ገበሬው ከጨመረው ማዳበሪያ ውስጥ ብዙው ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። የአፈሩ ኮምጣጣነት በኖራ ሲቀነስ ይህ ችግር ይቃለላል። ስለዚህ ስለ ሔማታይት የሚማር የገጠር ተማሪ የሚማረው ስለ ሩቅ ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ስለ አባቱ ማሳም ጭምር ነው።

፰. ለትምህርት ቤቶች የሚሆን አስተያየት

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተሉትን ሐሳቦች ማቅረብ ይቻላል።

ሀ/ የሔማታይት ትምህርት ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቅ በተግባር ሊሰጥ ይችላል። ተማሪዎች ከአካባቢያቸው ከባድና ቀላ ያሉ ድንጋዮችን ለቅመው በሸክላ ስባሪ ላይ በመጫር የጭረታቸውን ቀለም ይለዩ። በጌታይት ቢጫ የሆነ አፈር በቆርቆሮ ላይ በእሳት ሲግል ውኃውን አጥቶ ወደ ቀይ ሲለወጥ ይመልከቱ። የቀይ ድንጋይ ዱቄት በመጀመሪያ በማግኔት ይፈተን፤ ከዚያም ከከሰል ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ በተከደነ የብረት ጣሳ ውስጥ፣ ጥቂት የጋዝ መውጫ ተትቶለት፣ ከቤት ውጭ በመምህሩ ተቆጣጣሪነት በኃይል ይጋል። ሥራው ከተሳካ፣ ከበረደ በኋላ ማግኔቱ ቀድሞ ያልሳበውን ዱቄት ሲስብ ይታያል። የአቅላጩ ምሥጢር ያ ነው።

ለ/ የታሪክና የሳይንስ መምህራን ይህን ርእስ በኅብረት ቢያስተምሩት መልካም ነው። ስለ አዱሊስ ንግድ የሚማር ተማሪ ብረት ለምን ክቡር ሸቀጥ እንደነበረ የሚገባው፣ ብረትን ከድንጋይ ማላቀቅ የቱን ያህል አድካሚ እንደሆነ ሲያውቅ ነው።

ሐ/ በየወረዳው ያሉ ቀጥቃጮች በትምህርት ቤት በክብር ተጋብዘው፣ ወናፉን፣ ከውሩን፣ መስፉንና ጉጠቱን አቅርበው ሥራቸውን ያሳዩ። መምህሩም አንቱ ብሎ፣ ወንበር ሰጥቶ ይቀበላቸው። ልጆች ከመጽሐፉ ይልቅ መምህራቸው ለማን እንደሚነሣ ያስተውላሉና።

መ/ የማቅለጡን ሥራ በዓይናቸው ያዩ ወይም ከወላጆቻቸው የሰሙ አረጋውያን በሚገኙበት አካባቢ ሁሉ፣ ስለ ድንጋዩ አመራረጥ፣ ስለ ምድጃው ቅርጽ፣ ስለ ከሰሉ እንጨት ዓይነትና ለየነገሩ ስለሚሰጠው ስም ያላቸው ትዝታ በተማሪዎች እጅ ይጻፍ፤ በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍትም ይቀመጥ። ይህ ሥራ ለሌላ ጊዜ የሚባል አይደለም። ድንጋዩ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ይጠብቃል፤ አዛውንቱ ግን አይጠብቁም።

ማጠቃለያ

ሔማታይት በባሕርዩ የማይለወጥ ማዕድን ነው። የሚለዋወጠው የሰው ዕውቀት ነው። በድሬዳዋ አጠገብ ባለው ዋሻ የነበሩት ሰዎች ስለዚህ ድንጋይ ያወቁትን ለ4,500 ዓመታት ሳያቋርጡ አስተላልፈዋል። ከእነሱ እጅግ ዘግይቶ የመጣው፣ ፊደልና መጻሕፍት የነበሩት ኅብረተሰብ ግን ብረትን ያህል ነገር ከዚሁ ድንጋይ የሚያወጣውን ጥበብ በጽሑፍ ሳይመዘግበው ሊያጣው ተቃርቧል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የችሎታ ልዩነት አይደለም። በዋሻው ውስጥ ቀለም መፍጨትን የሚያስተምረው ሰው ባያስተምር ኖሮ ሥራው በአንድ ትውልድ በቆመ ነበር፤ ተማሪውም ባይቀርበው ኖሮ እንዲሁ።

ዛሬ በትምህርት ዕቅዶቻችን ውስጥ የቴክኒክና የሙያ ትምህርት ሰፊ ስፍራ ተሰጥቶታል። ለዚህ ዕቅድ ሕንፃ ሊሠራለት፣ መሣሪያም ሊገዛለት ይችላል። በእሳት ፊት ቆሞ የሚሠራ ሰው በተማረው ሰው ፊት ሙሉ ሰው ሆኖ ካልተቆጠረ ግን፣ ሕንፃውና መሣሪያው የሚፈለገውን ውጤት አያስገኙም። ይህን ሚዛን ማስተካከል ደግሞ ከማናቸውም ባለሥልጣን ይልቅ በየክፍሉ ፊት በሚቆመው መምህር እጅ ነው።